ሸክሙ ስለ ቀለለው ኮንትራባስና ስለ መንገደኛው ሙዚቀኛ

የሙዚቃ ጓድ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዝ ያየ ሰው፣ ከኹሉ በኋላ የሚመጣውን ሰው ሳያስተውል አይቀርም። ዋሽንት ነፊው መሣሪያውን በኮቱ ውስጥ ሸጕጦ ቀድሞ ይወርዳል፤ ቫዮሊን የሚመታው በብብቱ ሥር ይዞ ይከተለዋል፤ ጥሩምባ የሚነፋውም ትንሽ ሣጥኑን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ማረፊያው ይገሰግሳል። ባለ ኮንትራባሱ ግን ከቁመቱ ጋራ የሚተካከለውን መሣሪያ እንደ ታመመ ዘመድ ደግፎ፣ በሩን በየት በኩል አድርጎ እንደሚያልፍ እያሰበ፣ ባልደረቦቹ ለእራት ከተቀመጡ በኋላ ይደርሳል። እኛም በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የዚህን ሰው ነገር አንሥተን፣ ሸክሙን ለማቅለል ጥበበኞች ምን ያህል እንደ ደከሙና ምን እንዳገኙ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። ነገሩ የተደረገው በውጭ አገር ስለ ኾነ፣ ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መኾኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

ኮንትራባስ፣ አንዳንዶችም ደብል ቤዝ የሚሉት፣ የቫዮሊን ዘመድ ኾኖ ቆመው የሚመቱት ባለ አራት አውታር መሣሪያ ነው። አንዳንድ ጊዜ በደጋን ይፈገፈጋል፤ አንዳንድ ጊዜም በጣት ይመታል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚያልፍ ነው። ክብደቱስ ጤነኛ ሰው የሚያስፈራ አልነበረም፤ የሚያስጨንቀው ግዙፍነቱና ስስነቱ ነው። ሆዱ የተሠራበት ሰሌዳ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ኾነ፣ ቢጋጭ ይሰነጠቃል፤ ሙቀትና ብርድ ቢፈራረቅበት ይጣመማል። ስለዚህ ለሩቅ ጕዞ ጠንካራ ሣጥን ሊሠራለት ግድ ይኾናል፤ ሣጥኑም ሲጨመር ሸክሙ ከ40 ኪሎ ግራም የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ይህን ያህል መግዘፍ ለምን አስፈለገው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ምክንያቱ የድምፁ ዝቅተኛነት ነው። ወፍራሙ አውታር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ከእርሱ የሚወጣው ድምፅ በአየር ውስጥ የሚዘረጋው ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። አውታር ብቻውን ቀጭን ነገር ስለ ኾነ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ሊገፋው አይችልም። አየሩን የሚገፋው ሆዱ ነው። በገና ደርዳሪዎቻችን በርኩማ የሚሏት እንጨት የአውታሮቹን ርግብግብታ ወደ ገበታው እንደምታደርስ፣ በኮንትራባስም አውታሮቹን ከፍ አድርጋ የያዘችው ድልድይ መሳይ እንጨት እንዲሁ ታደርጋለች፤ ያ ሰፊ ሆድም እየተነፈሰ አዳራሹን ይሞላዋል። ሆዱን ያሳነሰ ሰው ድምፁን አብሮ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ብዙ ዘመን ባለ ኮንትራባሱ ወይ መሸከም ወይ አለመሰማት ኾነበት።

የቀደሙት ሰዎችም መሸከምን መረጡ። ከእነርሱ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው የቬኒስ ተወላጁ ዶሜኒኮ ድራጎኔቲ (1763–1846) ናቸው። ባቡር ባልነበረበት በዚያ ዘመን በ1794 አገራቸውን ትተው ወደ ሎንዶን ሄዱ፤ በ1799 ደግሞ በቪየና ከተማ ከቤትሆቨን ጋራ ተገናኙ። ቤትሆቨንም ለሴሎ የጻፈውን ሶናታ በዚህ ግዙፍ መሣሪያ ሲመቱለት በሰማ ጊዜ፣ ከደስታው ብዛት ሰውየውን ከነመሣሪያቸው አቀፋቸው ተብሎ ተጽፏል። ድራጎኔቲ የሚወዱትን ጋስፓሮ ዳ ሳሎ የሠራውን ኮንትራባስ በኑዛዜያቸው ለቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ትተውታል። እንዲህ ላለው ሰው መሣሪያው ሸክም ነው ማለት የሚያስደፍር አይመስለንም።

እንዲያውም የሚያሳንሰው ሲፈለግ የሚያገዝፈው መጣ። በ1850 ገደማ የፓሪሱ የቫዮሊን ሠሪ ዣን ባቲስት ቪዮም ኦክቶባስ የተባለ፣ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ተኩል የሚጠጋ መሣሪያ ሠሩ። የሰው እጅ አውታሩ ዘንድ ስለማይደርስ የሚመታው ሰው በመቆሚያ ላይ ወጥቶ በእጁና በእግሩ እየረገጠና እየገፋ አውታሩን በብረት ጣቶች ያስይዛል። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ በፓሪስ የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል፤ ይዞት ለመንገድ የሚነሣ ግን የለም።

ነገሩ በሌላ መንገድ መታሰብ የጀመረው የኤሌክትሪክ ኃይል ድምፅን ለማጕላት ከቻለ በኋላ ነው። አየሩን የሚገፋው የድምፅ ማጉያው ከኾነ፣ መሣሪያው ሆድ ለምን ያስፈልገዋል? ይህን ካሰቡት ሰዎች መካከል በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ይኖሩ የነበሩት የጊታር መምህር ሚስተር ፖል ተትማርክ አንዱ ናቸው። የእሳቸው ነገር ለዚህ ገጽ የሚስማማበት ምክንያት፣ ሐሳባቸው ከፊዚክስ ሳይኾን ከርኅራኄ የተነሣ መኾኑ ነው። ልጃቸው በኋላ እንደ ተናገሩት፣ በዚያ ዘመን አንድ የሙዚቃ ጓድ ለሥራ ሲወጣ ባልደረቦቹ በአንድ አውቶሞቢል ተሳፍረው እያወጉና እየሣቁ ይሄዳሉ። ባለ ኮንትራባሱ ግን መሣሪያውን በራሱ አውቶሞቢል ካስገባ በኋላ ለነጂው ብቻ እንጂ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ቦታ ስለማይኖር፣ ሌሊቱን ኹሉ ብቻውን ይነዳል። ሚስተር ተትማርክም ይህን እያዩ አዘኑለት፤ ከሐዘናቸውም መሣሪያው ተወለደ።

አስቀድመው ከለስላሳ ነጭ የጥድ እንጨት ሴሎ የሚያህል፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ መሣሪያ ጠረቡ፤ በላዩም የአውታሩን ርግብግብታ ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ ትንሽ ዕቃ አኖሩበት። በፌብሩዋሪ ወር 1935 የከተማው ጋዜጣ ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ለባለ ኮንትራባሱ ያለውን ሐዘኔታ ሳይገልጽ አላለፈም። ዳሩ ግን ያ ጥርብ እንጨት ራሱ ከበደ። ስለዚህ በ1936 ገደማ ኦዲዮቮክስ በሚባል ስም፣ እንደ ጊታር በአንገት አንጠልጥለው የሚመቱትን አጭር የኤሌክትሪክ ባስ አወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሬይን በቤተ ሰባቸው ጓድ ውስጥ ይህን መሣሪያ ይመቱ ነበር፤ ግዙፉ ኮንትራባስ የወንድ ጡንቻ ይፈልጋል ይባል በነበረበት ዘመን ይህ ሳይጠቀስ ሊቀር አይገባውም። የተሸጠው ግን ጥቂት ነበር። በዚያው ጊዜ በሎስ አንጀለስ የሪከንባከር ፋብሪካ ሆድ የሌለው፣ ዘንግ የመሰለ፣ እግሩ በራሱ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ላይ የሚተከል የኤሌክትሪክ ኮንትራባስ ሠርቶ ነበር፤ እርሱም ብዙ አልተስፋፋም።

በ1951 የራዲዮ አዳሽ የነበሩት ሚስተር ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ዛሬ ኹሉ የሚያውቀውን ቤዝ ጊታር ለገበያ አወጡ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በየአገሩ ያሉ ጓዶች ያዙት። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሸክሙ ነገር አበቃ ብሎ ነበር። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቤዝ ጊታር መልካም መሣሪያ ቢኾንም ሌላ መሣሪያ ነው። የኮንትራባስ አውታር ከራስጌው እስከ ድልድዩ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የቤዝ ጊታሩ ግን 86 ሳንቲ ሜትር። በኮንትራባስ አንገት ላይ የድምፁን ቦታ የሚያመለክት ብረት ስለሌለ፣ እጁ በልምድ ያውቀዋል እንጂ ዐይኑ አያየውም፤ በቤዝ ጊታር ግን ብረቱ ተሰክቶለታል። ኮንትራባሱ ቆሞ ይመታል፤ ደጋንም ይቀበላል፤ ጊታሩ ተጋድሞ ይመታል፤ ደጋንም አይቀበልም። ከልጅነቱ ጀምሮ 20 ዓመት እጁን ያስተማረን ሰው፣ መንገዱ እንዲቀልለት ብለን እጁን እንዲያስረሳው ብንመክረው፣ ሸክሙን አውርደን ሀብቱን አብረን መጣላችን ነው። ስለዚህ የተፈለገው ሆዱ የቀነሰ፣ አንገቱ ግን ያልተነካ ኮንትራባስ ነበር።

ይህን በገበያ ካቆሙት አንዱ የኒውዮርኩ አምፔግ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ሚስተር ኤቨረት ሀል ራሳቸው ባለ ኮንትራባስ ነበሩ፤ በ1940ዎቹ በመሣሪያው እግር ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን አስገብተው ድምፁን አጐሉ፤ የኩባንያውም ስም ከዚያች ድምፀ ጉልህ እግር የመጣ ነው። በ1962 ደግሞ ቤቢ ባስ፣ ማለት ሕፃኑ ባስ፣ የሚባለውን አወጡ። ሆዱ ሴሎ የሚያህል፣ ከእንጨት ሳይኾን ከፕላስቲክ የተሠራ፣ አንገቱ ግን እንደ ኮንትራባስ ረዥም ነበር። የጃዝ ሰዎች የእንጨቱን ድምፅ ስላላገኙበት ፊታቸውን አዞሩበት፤ ሥራውም በ1970 ገደማ ቆመ። የሚገርመው ግን የካሪቢያን ዜማ የሚጫወቱት የኒውዮርክ ሙዚቀኞች እጅግ ወደዱት። ለምን ቢሉ፣ ድምፁ አጭርና ጠንካራ ኾኖ እንደ ከበሮ ስለሚመታ፣ በብዙ ከበሮና ጥሩምባ መካከል ጠርቶ ይሰማል። ከቲቶ ፑዌንቴ ጓድ ጋራ ይጫወቱ የነበሩት ቦቢ ሮድሪጌዝ በዚሁ መሣሪያ የታወቁ ናቸው። አሮጌው ቤቢ ባስ ዛሬም እየተፈለገ ይገዛል። አንዱ እንደ ጕድለት የቈጠረውን ሌላው እንደ መልክ ወሰደው።

በአውሮፓም በ1940 በጀርመን በሽቱትጋርት የተወለዱት ኤበርሃርት ቬበር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኮንትራባስ ይዘው ተነሡ። አባታቸው ሴሎ መቺ ነበሩ፤ እሳቸውም በሴሎ ጀምረው በ16 ዓመታቸው ወደ ኮንትራባስ ተሻገሩ። በመሣሪያቸው ላይ አምስተኛ አውታር ጨምረው፣ ከኋላ ቆሞ ሌሎችን ይደግፍ የነበረውን ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ እንዲዘምር አደረጉት። በ2007 ግን በድንገተኛ የአንጎል ደም ሕመም ተመትተው እጃቸው እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አላቸው። እሳቸውም በጕዞ ዘመናቸው ከጓድ ጋራ ሲጫወቱ የተቀዱትን ብቸኛ ምቶቻቸውን ሰብስበው፣ በዚያ ላይ አዲስ ሥራ እየጨመሩ፣ በ2012 ሬዚሜ የተባለውን ሸክላ አወጡ። ከእሳቸው በኋላ የኤሌክትሪኩን ኮንትራባስ የእንጨቱ ምትክ ብቻ ነው ብሎ መናገር አስቸጋሪ ኾኗል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንናገር። በ1880 ዣክና ፒየር ኪዩሪ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንዳንድ ድንጋዮች፣ ለምሳሌ ኳርትዝ፣ ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አገኙ። የዛሬው ሠሪ እንዲህ ያለ ጠባይ ያላትን ትንሽ ነገር ከድልድዩ ሥር ያኖራታል፤ አውታሩ በተርገበገበ ቍጥር እየተጫናት በልኩ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ያም በሽቦ ወደ ማጉያው ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የጃፓኑ ያማሃ ፋብሪካ ሳይለንት ባስ ብሎ ከሠራቸው አንዱ 7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። የአሜሪካው ሚስተር ኔድ ስታይንበርገር ደግሞ፣ መጀመሪያ የወንበርና የጠረጴዛ ንድፍ አውጪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የእሳቸው ኮንትራባስ በሦስት እግር ላይ የሚቆም ቀጭን እንጨት ነው፤ ከእውቁ ቶኒ ሌቪን እጅም ደርሷል።

እዚህ ላይ የሠሪዎቹን አስተዋይነት ማመስገን ይገባናል። ሆዱን ቢያስወግዱትም፣ ሙዚቀኛው በሰውነቱ የሚያውቀውን ቅርጽ ጨርሰው አልጣሉትም። በኮንትራባስ አንገትና ሆድ መጋጠሚያ ላይ የግራ እጅ አውራ ጣት የምታርፍበት ጕብጠት አለ፤ እጁ ከዚያ ተነሥቶ ቦታውን ይለካል። ስለዚህ ያቺን ጕብጠት ትተዋታል። መሣሪያው በጐንና በጕልበት የሚደገፍበትንም ቦታ በሚፈታ ክንድ ወይም በሚታጠፍ ማዕቀፍ ተክተውታል፤ ሲሳፈሩ ይፈታል፤ ሲደርሱ ይገጠማል። አውታሩ ግን ያው 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትሩ ነው።

የአይሮፕላን ጕዞ ከመጣ ወዲህ የሸክሙ ነገር በገንዘብም የሚቈጠር ኾኗል። ብዙ የአይሮፕላን ኩባንያዎች ለአንድ ጓዝ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ግራምና ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው። በሣጥን የታሸገ ኮንትራባስ ከሁለቱም በእጅጉ ያልፋል። በአሜሪካ በ2012 የወጣው ሕግ፣ ደንቡም በማርች ወር 2015 ሥራ ላይ የዋለው፣ አየር መንገዶች ልኩ ተደምሮ ከ381 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ75 ኪሎ ግራም የማያልፈውን የሙዚቃ መሣሪያ በዕቃ ክፍል እንዲቀበሉ ያዛል፤ አይሮፕላኑ የሚበቃ ቦታ ካለውና የደኅንነት ደንብ ካልከለከለው ማለት ነው። ዋጋውን ግን አልሻረም፤ ሕጉም የሚሠራው በዚያ አገር ደንብ ሥር ባሉት ኩባንያዎች ነው። አንዳንዶች አንገቱ ተፈቶ ከሆዱ ጐን የሚተኛ የእንጨት ኮንትራባስ እያሠሩ ይሄዳሉ፤ ይህም ደግ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን በየከተማው መግጠምና መቃኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የኤሌክትሪኩስ ቢኾን ሻጮች እንደሚናገሩት በእጅ ጓዝ የሚገባ አይደለም። አውታሩ ብቻ ለእጅ ጓዝ ከሚፈቀደው 55 ሳንቲ ሜትር ያህል እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ወደ ዕቃው ክፍል መውረዱ አይቀርም። ልዩነቱ አንድ ሰው በትከሻው አንግቶ፣ ያለ ረዳት ደረጃ ወጥቶ፣ በተራ አውቶሞቢል ከጓደኞቹ ጐን ተቀምጦ ወደ ጣቢያው መድረስ መቻሉ ነው። ሚስተር ተትማርክም ያዘኑለት ይህን አጥቶ ነበር።

ለቤተ ሰብ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የኮንትራባስ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለ ኾነ ግድግዳና ወለል አያግደውም፤ ፎቅ ለፎቅ በሚኖርበት ከተማ አባት ሌሊት ሲለማመድ ከላይና ከታች ያለው ጎረቤት አብሮ ይነቃል፤ በጓዳ የተኛው ሕፃንም ያለቅሳል። ከዚህ የተነሣ በስንቱ ቤት ባልና ሚስት ተቃቅረው ይኾን? ሆድ የሌለው መሣሪያ ግን ከማጉያው ሲለይ የሚያሰማው የሹክሹክታ ያህል ነው። ሙዚቀኛው የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ እኩለ ሌሊት ላይ ሙሉውን ድምፅ ብቻውን ይሰማል፤ ቤቱም ይተኛል።

የሚጐድለውንም ሳንናገር ብናልፍ አንባቢዎቻችንን ማታለል ይኾንብናል። እንጨቱ በደረቱና በጐኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ የኖረ ሰው፣ በዚህ መሣሪያ ፊት ሲቆም ብርድ እንደ መታው ይኾናል። ድምፁ ከእጁ ሳይኾን ከወዲያ ማዶ ካለው ሣጥን ይመጣበታል። ደጋን ሲያሳርፍበትም የተጫነችው ድንጋይ የምትሰጠው ድምፅ የደረቀ ነው፤ ዛሬ ሠሪዎች የመልካም ኮንትራባስን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እያስመሰሉ ይህን ለማለስለስ ይሞክራሉ፤ ጥቂትም ተሳክቶላቸዋል። ባትሪው ሲያልቅና መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚለምኑት ሆድ የለውም። በብዙ የሲምፎኒ ጓድ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚቆመው የእንጨቱ መኾኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ እኛም የሚገዛ ሰው ቢጠይቀን በቤት የእንጨቱን እንዲያኖር፣ ለመንገድ የኤሌክትሪኩን እንዲይዝ፣ ከመግዛቱም አስቀድሞ ደጋኑን ይዞ ሄዶ ሙሉ ሰዓት ቆሞ እንዲሞክረው እንመክረዋለን። አሥር ደቂቃ የሚያስደስት መሣሪያ ብዙ ነው።

ሽቦው ከተነቀለ በኋላ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ሙዚቀኛው እየመታ ሳለ ሕፃን ልጁ መጥቶ ጆሮውን በረዥሙ አንገት እንጨት ላይ ቢያሳርፍ፣ በክፍሉ ውስጥ ማንም የማይሰማውን ያን ወፍራም ድምፅ በአጥንቱ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማዋል።